ለፌንጣ የተነጠፈ አቡጄዲ

አስቀድሜ ልናዘዝ፤ እኔ ወሬ እወዳለሁ። ደብቄ ምን ላተርፍ! ፍኖተ ሰላም ውስጥ የእኔን የጨርቅ ሱቅ የሚፈልግ ሰው «ያቺ ጠያቂዋ ዘሀራ ጋ ሂድ» ተብሎ ነው የሚላከው። ሱቁን የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባዬ ግን ሰው ካላናገረው የማይናገር ዝምተኛ ነበር። ከሱቁ ጋር ያወረሰኝ ሕግም አንድ ብቻ ነው፤ ነጭ አቡጄዲ የሚገዛ ሰው አይጠየቅም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሬሳውን የሚከፍነው በእሱ ስለሆነ ቆርጠሽ፣ አጥፈሽ፣ «ነፍስ ይማር» ብለሽ ትሰጫለሽ። ለማን፣ ለምን፣ መቼ ብሎ ነገር የለም።

የምነግራችሁ ይህን ሕግ ስለጣስኩበት ቀን ነው።

ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባዬ ከሞተ ስድስት ዓመት፣ ከታላቅ ወንድሜ ከከማል ጋር ከተኳረፍን እንዲሁ ስድስት ዓመት። ከማል ሱቁ ቡሬ ነው፤ በሚኒባስ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። በአባዬ ቀብር አልተገኘም። በሦስተኛው ቀን ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ «አባትህ ሲቀበር የት ነበርክ?» አልኩትና መልሱን ሳልሰማ በሩን ዘጋሁበት። ከዚያ ወዲህ ቡሬን ረግጫት አላውቅም። ለአገር ምድሩ ጠያቂ ነኝ፤ የገዛ ወንድሜን ግን አንድ ቀን ጠርቼ አልጠየቅኩትም።

መጋቢት ላይ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ አንድ ሽማግሌ ወደ ሱቁ ገቡ። ጀርባቸው ቀጥ ያለ፣ ከዘራቸውን ለወጉ እንጂ ለመደገፍ ያልያዙት፣ ትከሻቸው ላይ ማዳበሪያ ከረጢት ያንጠለጠሉ ናቸው።

«አቡጄዲ አለሽ ልጄ?»

«አለ አባባ።»

«ነጩን። አሥር አሥር ሜትር፣ ሁለት ቁራጭ። ደህና አድርገሽ ለኪው፣ አንዱ ካንዱ እንዳያንስ።»

ሁለት! ከአንድ ቤት ሁለት ሬሳ! ጨርቁን እየዘረጋሁ «ነፍስ ይማር አባባ። ፈጣሪ ያጽናዎት» አልኳቸው።

«ማንን ነው የሚምረው?»

«ማለቴ… የሞቱትን።»

«ማን ሞተ አለሽ?» ብለው አፈጠጡብኝ። «እኔ ሰው ሞተ ወጣኝ?»

መቼም ያፍራል ሰው፣ አፈርኩ። ግን አሥር አሥር ሜትር፣ ያውም እኩል! ለከፈን እንዲህ ብሎ ያዘዘ ሰው አይቼ አላውቅም። የአባዬ ሕግ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ነበር፤ ዋጥኩት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ለምንድን ነው ታዲያ?»

«ለአውሮፕላን» አሉ፣ በርበሬ ለወጥ ነው እንደማለት።

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም። አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉና «ውሃ ካለሽ ስጭኝ» አሉኝ። ጠጥተው ሲጨርሱ ማን እንደሆኑ ነገሩኝ። ሃምሳ አለቃ አያሌው ይባላሉ፤ ከጅጋ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጡ ገበሬ ናቸው። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ኦጋዴን ዘምተው ነበር፤ ሥራቸውም ትንሿ የመልእክት አውሮፕላን ስትመጣ መሬት ላይ ነጭ ጨርቅ እያነጠፉ ለአብራሪው ምልክት ማሳየት ነበር። ባለፈው ሰሞን ዓይናቸውን ሊታከሙ ቡሬ ሄደው የሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ አንድ ፎቶግራፍ አዩ። አንድ ሰው ትንሽ አውሮፕላን ተደግፎ ቆሟል።

«መጀመሪያ ያወቅኳት አውሮፕላኗን ነው» አሉኝ። «ሰውየውን፣ አብራሪዋን፣ ቀጥዬ አወቅኩት። 'አባቴ ናቸው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሊጠይቁኝ ይመጣሉ' አለችኝ። የድሮ የግንባር ሰው ነኝ፣ ባገኛቸው ደስ ይለኛል ብዬ ላክሁባት። እሺ ብሏል። ነገ ጠዋት ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለው ግጦሽ ላይ ይችን ጨርቅ አነጥፍለትና 'ይህን አላየህም?' እለዋለሁ።»

«ለምን?»

«ወንድሜን ጥሎት ሄዷላ! ታናሼን፣ ደምሴን። በሕይወት ሳለ፣ እያቃሰተ ሳለ፣ ከላያችን ሁለት ጊዜ ዞረ፣ ከዚያ ሄደ። አርባ ዓመት ሙሉ ለምን እያልኩ ኖርኩ። ከአፉ ልስማው።»

ዝም ብል ምን ነበረበት! እኔ ግን ምን አልኩ? «አባባ፣ ከመሬት ሆነውማ ምን ይታያቸዋል? ከላይ ነው መታየት ያለበት።»

«ከሜዳው አጠገብ ጉብታ አለ።»

«ዓይናቸውስ ከዚያ ያያል? እኔ አብሬ ልውጣና በስልኬ ፎቶ ላንሳ። ለእርስዎም ወርጄ አሳይዎታለሁ።»

ሃምሳ አለቃ «ደግ ብለሻል» አሉ። ቡሬ መሄዴ መሆኑ ትዝ ያለኝ እሳቸው ከሱቁ ከወጡ በኋላ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቡሬ ስገባ ከከማል ጋር ብንገናኝስ እያልኩ ስጨነቅ፣ ጭንቀቴን የሚያስረሳ ጥያቄ ፈለግሁ። «አባባ፣ ትንሽ አውሮፕላን ጦርነት ላይ ምን ትሠራለች? ቦምብ ትጥላለች?»

«ምን ቦምብ ትጥላለች! ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። ፌንጣ ነበር የምንላት።» ፊታቸው ወዲያው በራ። «ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጄት ነው። ጄት ደብድቦ ይሄዳል፣ አንቺ ማን እንደሆንሽም አያውቅም። ፌንጣ ግን ታውቀናለች። የጠላት መድፍ የት እንደተደበቀ አይታ ለእኛ መድፈኛ ትነግራለች። ትእዛዝ ታመጣለች። አዛዡን ካንዱ ግንባር ወስዳ መዳፍ በሚያህል ሜዳ ላይ ታወርደዋለች። ከእናቴ የተላከ ደብዳቤ በፌንጣ ነው የሚደርሰኝ። ስትመለስ ደግሞ ኋላ ወንበሯ ላይ አንድ ቁስለኛ ይዛ ትሄዳለች። አንድ ብቻ። ያ አንድ ይድናል።»

«ከእሷ ጋር በምን ትነጋገራላችሁ?»

«ራዲዮ አለ። ግን ይበላሻል። ሲበላሽ በጨርቅ ነው። ስምምነታችን እንዲህ ነበር፦ አንዱ ጨርቅ በቁመቱ፣ ሌላው ከራስጌው በአግድም ከተነጠፈ 'ውረድ፣ ሜዳው ደህና ነው፣ ቁስለኛ አለ' ማለት ነው። አንዱ ጨርቅ ብቻውን ከሆነ 'አደጋ አለ፣ እንዳትወርድ' ነው።»

ማንኩሳን አልፈን ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያን ቀን ደምሴ ሆዱን ተመትቶ አድሯል። ራዲዮው ሞቷል። ፌንጣ ረፋዱ ላይ እንደምትመጣ እናውቃለን። ጨርቆቹን አንጥፌ ስጨርስ ሁሴን የሚባል የወሎ ልጅ፣ እሱም ቁስለኛችን ነበር፣ ነፍሱ ወጣች። እንግዲህ ደም የጠጣ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ አሸዋ ውስጥ እንክተተው? አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እናንተ ዘንድ ያለ ነጭ አይሆንም። ጓደኞቹም 'ፀሐዩ ሳይበረታ እንቅበረው፤ አያሌው፣ በሞቴ' አሉኝ። የአግድሙን ጨርቅ አነሳሁና ሰጠኋቸው። ከፈኑት።»

«አላህ ይስጥዎ» አልኩ፤ ከልቤ ነው ያልኩት። «ታዲያ አውሮፕላኗስ?»

«በእሱ ቦታ ነጭ ጋቢ ነበረኝ! እናቴ ፈትላ ያለበሰችኝ። የጠርዙን ስፌት ተረተርኩ፣ እጥፉን ፈታሁ፣ በአግድም ዘረጋሁት። ልክ እንደ ጨርቁ አድርጌ። መጣች፣ ዞረች። እጄን አወዛወዝኩ። እንደገና ዞረች። ከዚያ ሄደች። ደምሴ እስከ ማታ ቆየ። 'አያ፣ መጣች?' ይለኛል። ትመጣለች እለዋለሁ። ለእናቴ ይዤው ልመለስ ቃል ገብቼ ነበር የወጣሁት።»

ከዚያ በኋላ እስከ ቡሬ ድረስ፣ ጉድ በሉ፣ አንድም ነገር አልጠየቅኩም።

ግጦሹ ዝናብ ካየ ቆይቷል። ሣሩ አልቆ፣ መሬቱ ገርጥቶ፣ በረገጥነው ቁጥር አቧራው ይቦናል። ሐኪሟ አባቷን በባጃጅ አድርሳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አብራሪው ሻምበል ይልማ ረዥም፣ ቀጭን፣ ኮፍያቸውን ያጠለቁ፣ ከዘራ የተደገፉ ሽማግሌ ናቸው። የድሮ ጓደኛ ሊያገኙ ስለመጡ ፈገግ እንዳሉ ነው። ሃምሳ አለቃ ጠዋት «አንተ ነው የምለው፣ አላከብረውም» ሲሉኝ ነበር። ሻምበል ሲደርሱ ግን እንደ ወታደር ተረከዛቸውን ገጠሙ።

«ሻምበል፣ አወቁኝ?»

«መልክህ አልመጣልኝም። የየት ክፍል ነህ?»

«ጨርቅ አንጣፊው ነኝ።»

የሻምበል ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ። «አያሌው? ደብዳቤ ከእጄ የምትቀበለው አያሌው?»

«እሱው ነኝ። ዛሬ አንድ ነገር ላሳይዎትና አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ከዚህች ልጅ ጋር ጉብታው ላይ ይውጡልኝ።»

ሽማግሌው ምንም አልተከራከሩም። ምን እንደሚጠየቁ የገባቸው መሰለኝ። ክንዴን ይዘው መውጣት ሊጀምሩ ሲሉ ሃምሳ አለቃ ከከረጢታቸው አንድ የተጠቀለለ ነገር አወጡ።

«ይኸውላችሁ የእናቴ ነጭ ጋቢ። መጀመሪያ ሁለቱን ጨርቅ አነጥፋለሁ። ቀጥዬ አንዱን አነሳና ያን ቀን እንዳደረግሁት ይኼን እዘረጋለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ውሃ አልነካውም፤ የደምሴ ደም አለበት።»

እናንተዬ፣ ቀለም መለየት እንጀራዬ ነው። ነጭ ብቻውን ስንት ዓይነት እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ያ ጋቢ ነጭ አልነበረም። የአፈር ቀለም ነው ያለው፤ የቆምንበትን ግጦሽ ነው የሚመስለው። ሃምሳ አለቃ ግን እንደ ነጭ ነገር፣ እንዳይቆሽሽ ተጠንቅቀው ነበር የያዙት። እንደዚያ ይዘውት ሳይ ልነግራቸው አልደፈርኩም።

ጉብታውን እያረፍን ወጣን። ዞር ስንል ሁለቱ አቡጄዲዎች ተነጥፈዋል። ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ዓይን ያማል።

«ይህን ባይ» አሉ ሻምበል «ድንጋይ ላይም ቢሆን እወርድ ነበር።»

እታች ሃምሳ አለቃ የአግድሙን ጨርቅ ጠቅልለው አነሱ። ጋቢውን ዘረጉ፣ አራቱን ጫፍ እየዞሩ አስተካከሉ፣ ከራስጌው ቆሙ። ሻምበል እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ከልለው አዩ። ቆዩ። እጃቸው ክንዴ ላይ ጠነከረ።

«ልጄ፣ ጋቢው የት ላይ ነው የተነጠፈው?»

«እዚያ እኮ ነው፣ ከጨርቁ ራስጌ…» ብዬ ልጠቁም ጣቴን ዘረጋሁ፤ ምኑን ልጠቁም? ስልኬን አውጥቼ አነሳሁ፣ አጎላሁት። አንድ ነጭ ጨርቅ ብቻውን ተነጥፏል። ከጎኑ አንድ ሽማግሌ አንጋጠው ወደ እኛ ያያሉ። ሌላ ምንም የለም።

«አንድ ጨርቅ ብቻ» አሉ ሻምበል። «ያን ቀንም ያየሁት ይኼን ነው። እንዳትወርድ የሚል ምልክት። ከጎኑ ሰው እጁን ያወዛውዛል። ሂድ፣ ሂድ የሚለኝ መስሎኝ…» ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ትንፋሻቸው ሲመለስ እጄን ያዙኝ። «ስሚ፣ ስንወርድ 'ታይቷል' በይው። እኔ ፈርቼ ነው የሸሸሁት እለዋለሁ። አርባ ዓመት እኔን ሲጠላ ኖሯል፣ ለምዶታል። በስተርጅናው ራሱን ከሚጠላ እኔን ይጥላ።»

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ቁልቁለቱን ስወርድ ውሸቱን ምላሴ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። ታይቷል አባባ። ሁለት ቃል ነው። እውነቱን ብነግራቸው ወንድማቸውን በገዛ እጃቸው እንዳስቀሩት መንገሬ ነው። ብዋሻቸው ደግሞ ያንን ደግ ሰው እየረገሙ ይሞታሉ።

ሃምሳ አለቃ ሮጥ ብለው ተቀበሉን። «ታየ?»

ሻምበል ክንዴን ጫን አደረጉ። «አባባ…» አልኩ። ሃምሳ አለቃ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። በመዳፋቸው ከፀሐይ ከልለው አዩት።

«ጨርቁ ይኸው። ጋቢውስ?»

ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ጋቢው የታል ልጄ?»

«አልታየም አባባ» አልኳቸው። «መሬቱን መስሏል።»

ስልኩን ሰጡኝና ወደ ጋቢው ተመለሱ። ቁጢጥ ብለው አንድ መዳፋቸውን ጋቢው ላይ፣ ሌላውን አፈሩ ላይ አደረጉ። ግራና ቀኝ ተመለከቱ።

«ስትሰጠኝ ነጭ ነበር እኮ።»

«ምን ያህል ለበስከው?» አሉ ሻምበል ቀስ ብለው።

«ስምንት ወር። ምሽግ ውስጥ ነበርን፤ ከደምሴ ጋር አብረን ነበር የምንለብሰው።» ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አሉ። «እናቴ እስክትሞት ድረስ እርስዎን ስትረግም ኖረች፣ ሻምበል። ጠዋት ማታ። ያስረገምኩዎት እኔ ነኝ። ደምሴንም የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ሻምበል ከዘራቸውን ጥለው፣ በጭንቅ፣ ከአጠገባቸው ተቀመጡ። «ስማኝ አያሌው። ሦስተኛ ዙር ዝቅ ብዬ ልዙር ብዬ ነበር። ዝቅ ብል ኖሮ አየው ነበር። ክንፌ ላይ ጥይት ሲያርፍ ተውኩት። እኔም አርባ ዓመት ሙሉ ያችን ሦስተኛ ዙር ስዞር ነው የማድረው።»

«ጨርቁን ባልሰጥ ኖሮ…»

«ሁሴንን ያለ ከፈን ብትቀብረው ዛሬ እንቅልፍ ይወስድህ ነበር?»

ሃምሳ አለቃ «አይወስደኝም» አሉ።

«እንግዲያው።»

ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ጋቢ ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ ቆሜ አየሁ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን አባቴ ላድርግ። ከዚያ ደግሞ፣ አታምኑኝም፣ ስለ ፌንጣ ማውራት ጀመሩ። በየትኛው ሜዳ እንዳረፈች፣ ማን ደብዳቤ እንደደረሰው፣ የትኛው ኮሎኔል ኋላ ወንበሯ ላይ እንዳስመለሰው። ሳቁ ሁሉ! ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ ሃምሳ አለቃ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺስ ቡሬ ሰው የለሽም?»

«ወንድም አለኝ።»

«ታዲያ ከሽማግሌ ጋር ምን ትሠሪያለሽ? ሄደሽ አታይውም?»

ሄድኩ። ከማል ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ጸጉሩ ሸብቷል። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጠው «በአባዬ ቀብር ለምን ቀረህ?» አልኩት። አሁንስ መልሱን ልጠብቅ ብዬ ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ።

«ደውለሽ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?» አለኝ።

አስታውሳለሁ። ከማል ያን ቀን ዕቃ ጭኖ አሶሳ መንገድ ላይ ነበር። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፣ ያውም መንገድ ላይ ላለ ሰው፤ እንዲህ ነው ያደግነው። እና ድምፄን አስተካክዬ «አባዬን ትንሽ አሞታል። ሲመችህ ብቅ በል» አልኩት። ይገባዋል ብዬ። እኔ ዘንድ ከዚህ በላይ ግልጽ ነገር አልነበረም።

«ሲመችህ ነው ያልሽኝ፣ ዘሀራ። ጭነቱን አራግፌ መጣሁ። አባዬ የሚወደውን ማር ይዤለት።»

ማሩን በሩ ላይ በፌስታል አይቼው ነበር። ለለቅሶ ቤት ማር ይዞ መጣ ብዬ ያንንም ተቀይሜው ኖርኩ። ስድስት ዓመት!

ይኸው እንግዲህ። እኔ ካንዲት ትንሽ አውሮፕላን የተማርኩት ይህን ነው፤ ከፍቅርም ከክብርም ተነስቼ ያነጠፍኩት ነገር ለሌላው እኔ እንዳየሁት ላይታየው ይችላል። ዛሬ ነጭ አቡጄዲ የሚገዛ ሰው ሲመጣ እጠይቃለሁ፤ ማን ነበሩ፣ እንዴት ነበሩ እላለሁ። አባዬ ይቅር ይበለኝ፣ አንድም ሰው ተቀይሞኝ አያውቅም። ብዙዎቹ ቁጭ ብለው ይነግሩኛል። እናንተም የዘጋችሁበት ሰው ካለ፣ ደውሉና ምን እንዳያችሁ ሳይሆን ምን እንዳየ ጠይቁት።

ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ አለቃ አያሌው ወደ ሱቄ መጡ። ከሻምበል ጋር በየሳምንቱ በስልክ እንደሚያወሩ ነገሩኝ። ያን ጋቢ አጥበው፣ ጠርዙን አሰፍተው ለብሰውታል። ብርሃኑ ላይ ቆሙና ዞር አሉልኝ።

«እስቲ አንቺ ታውቂያለሽ። አሁንስ ነጭ ነው?»

ጠጋ ብዬ በጣቴ ዳሰስኩት፣ ገልበጥ አድርጌ አየሁት። መዋሸት አልፈለግሁም።

«ነጭ ነው አባባ። እዚች ጥግ ላይ ብቻ ትንሽ የደም ነጥብ ቀርታለች።»

«አውቃለሁ» አሉ። «እሷን ሆን ብዬ ነው ያልፈተግኋት።»